መጀመሪያ አካሉ፣ ነጥቡ በኋላ

ኮልፌ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ነው። ከመስጊዱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ልጆች ምንጣፍ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ አንዳንዶቹ የትምህርት ቤት ዩኒፎርማቸውን ገና አላወለቁም። ከፊት ረድፍ ያለች፣ ሰባት ዓመት ቢሆናት የሚያስብል ልጅ ደብተሯን በጀርባው በኩል ገለጠች። ጠዋት አማርኛ ስትጽፍ መጨረሻ የነበረው ገጽ ከሰዓት በኋላ መጀመሪያ ይሆናል። እርሳሷን በቀኙ ጠርዝ አሳረፈች። የምትጽፈው «በይት» የሚለውን ቃል ነው፤ ቤት ማለት ነው። አንድ አጭር ጥርስ ሠራችና እርሳሷን አነሳች፤ ከሥሩ አንድ ነጥብ አኖረች። ሌላ ጥርስ ሠርታ እንደገና አነሳች፤ ከሥሩ ሁለት ነጥብ። ሦስተኛውን ፊደል ከሁለቱ አርቃ ለብቻው ዘረጋችና ከላዩ ሁለት ነጥብ ጨመረች። ሦስቱም ፊደላት ትክክል ናቸው። ቃሉ ግን ቃል አልሆነም።

ኡስታዙ ከጎኗ በርከክ አለ። «የኔ ልጅ፣ እጅሽን አታንሺ። መጀመሪያ አካሉን ጨርሺ፤ ነጥቡ በኋላ» አላት። ከጎረቤቷ ላጲስ ተቀብላ አጠፋችና ደገመችው። እርሳሱ ከቀኝ ተነስቶ ሁለቱን ጥርሶች አልፎ እስከ መጨረሻው ጅራት ሳይነሳ ሄደ። ከዚያ እጇ ወደ ቀኝ ተመልሳ ነጥቦቹን አንድ በአንድ አስቀመጠች።

ነጥቦቹ ገና ባልተቀመጡባት በዚያች ቅጽበት ደብተሩ ላይ የነበረው አካል «በይት» ብቻ አልነበረም። «ቢንት»፣ ማለትም ልጃገረድ፣ የሚለው ቃልም አካሉ ያው ነው፦ ሁለት ጥርስና አንድ የተዘረጋ ጅራት። ሁለቱን የሚለያቸው የመካከለኛው ጥርስ ነጥብ ነው። ከሥሩ ሁለት ሲሆን ቤት፣ ከላዩ አንድ ሲሆን ልጃገረድ። ዐረብኛ መጻፍ የሚጀምር ሰው፣ ልጅም ይሁን ትልቅ፣ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ የሚገጥመው ይህ የአካልና የነጥብ ሥራ ነው።

በእንዲህ ያሉ ክፍሎች ደጋግሜ ተቀምጫለሁ፤ ልጆች ሲጽፉም ቁርኣን ሲቀሩም አይቻለሁ። ባየሁት ልክ ይህን ፊደል የሚያከብደው ብዛቱ አይደለም፤ እንደ ሥዕል በዓይን እንዲሸመደድ መሰጠቱ ነው። እጅ የሚሄድበት መንገድ ሆኖ ሲሰጥ ልጆች በፍጥነት ይይዙታል፤ ንባቡም ከእጃቸው ተከትሎ ይመጣል።

ገበያ ላይ የሚሸጠውን የጀማሪ ሰንጠረዥ እንውሰድ። እያንዳንዱን ፊደል በአራት መልክ ያሳያል፦ ብቻውን ሲቆም፣ በቃል መጀመሪያ፣ በመካከል፣ በመጨረሻ። ፊደላቱ 28 ናቸው። 22ቱ አራቱም መልክ አላቸው። የቀሩት ስድስቱ በግራቸው ከሚመጣው ፊደል ጋር ስለማይያያዙ ሁለት ሁለት መልክ ብቻ አላቸው። ሲደመር 100 ይሆናል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ይህን ሰንጠረዥ አይተው «ይህን ሁሉ እንዴት ይይዘዋል?» የሚሉ እናቶች ብዙ ናቸው። ሀሁን ከ33ቱ ፊደላት እስከ ሰባቱ ቤቶች፣ 231 አድርጎ የቆጠረ ልጅ 100 መልክ ሊያስፈራው ባልተገባ ነበር፤ ሰንጠረዡ ግን በመልኮቹ መካከል ያለውን ዝምድና አይናገርም። ባ አራት ሥዕል አይደለችም። አንዲት ጥርስና አንድ ጅራት ናት። ከኋላዋ ሌላ ፊደል ከመጣ ጅራቷ ይቀራል፤ ቃሉ እሷ ላይ ካበቃ ጅራቷ ይዘረጋል። ይህን ደንብ በእጁ የተረዳ ልጅ የባን አራት መልኮች መሸምደድ አያስፈልገውም፤ ታና ሣም በዚያው ደንብ ይከተላሉ።

ዝምድናው በዚህ አያቆምም። ብቻቸውን የቆሙትን 28 ፊደላት ነጥባቸውን ብናነሳባቸው የሚቀሩት 18 አካላት ናቸው። ባ፣ ታና ሣ አንድ አካል ይጋራሉ፤ ጂም፣ ሓና ኻ ሌላ፤ ዳልና ዛል፣ ራና ዛይ፣ ሲንና ሺን፣ ሷድና ዷድ፣ ጧና ዟ፣ ዐይንና ገይን ጥንድ ጥንድ ናቸው። በቃል መጀመሪያ ላይ ደግሞ ኑንና ያ ከባ ጥርስ ጋር፣ ቃፍም ከፋ ጋር ስለሚመሳሰሉ አካላቱ ወደ 15 ይወርዳሉ። ነጥብ ያላቸው ፊደላት 15፣ የሌላቸው 13 ናቸው። እኔ የማደንቃቸው መምህራን በዚህ ስሌት የሚሄዱ ናቸው፤ አካሉን አስይዘው፣ ነጥቡን ጨምረው፣ በአንድ ቀን ሦስት ፊደል ሰጥተው ይለያያሉ።

ዛሬ የምናውቀው የፊደሉ ተራም የተደረደረው በዚህ መልክ ነው፤ ተመሳሳይ አካል ያላቸው እንዲከታተሉ። ከእሱ የሚቀድመው ጥንታዊው ተራ ግን አሊፍ፣ ባ፣ ጂም፣ ዳል እያለ ይሄዳል። ዐረቦች ፊደልን እንደ ቁጥር ሲጠቀሙ አሁንም ወደዚህ ተራ ይመለሳሉ፤ አሊፍ 1፣ ባ 2፣ ጂም 3፣ ዳል 4። በቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ አንባቢ ይህን ሲሰማ ጆሮው ይቆማል፤ አቡጊዳ ነዋ። አ፣ በ፣ ገ፣ ደ። ሁለቱ ፊደላት የአንድ ጥንታዊ ሴማዊ ፊደል ልጆች ናቸው። አንደኛው በደቡብ ዐረቢያ በኩል ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ግዕዝ ሆነ፤ ሌላኛው በአራማይክና በነበጢዎች እጅ አልፎ ዐረብኛ ሆነ። ጠዋት ሀሁ፣ ከሰዓት በኋላ አሊፍ ባ የሚል የኮልፌ ልጅ የሚማረው የሁለት ባዕድ ሕዝቦችን ፊደል አይደለም።

ነጥቦቹ ከየት መጡ? በቪየና የኦስትሪያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አንድ የፓፒረስ ቁራጭ ይገኛል። በ22 ዓመተ ሒጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ643፣ ግብፅ ውስጥ የተጻፈ ደረሰኝ ነው። ግማሹ ግሪክኛ ግማሹ ዐረብኛ ሲሆን የሚናገረው ለሠራዊቱ ስለተወሰዱ 65 በጎች ነው። ከዐረብኛው ፊደላት አንዳንዶቹ ላይ ነጥብ አለ፤ አብዛኞቹ ላይ የለም። የዚያን ዘመን ጸሐፊ ነጥብ ያስቀመጠው አንባቢ ይሳሳታል ብሎ በሠጋበት ቦታ ነበር። እስልምና ሰፍቶ ዐረብኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሕዝቦች ቁርኣንን ማንበብ ሲጀምሩ ግን እንዲህ ያለው ቁጥብነት አላዛለቀም። ሥርዓት ማስያዙ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ከእ.ኤ.አ. 694 እስከ 714 ኢራቅን ካስተዳደረው ከአል ሐጃጅ ዘመን ጋር ይያያዛል፤ ነስር ኢብን ዐሲምና የሕያ ኢብን የዕመር የሚባሉት ሊቃውንት ስማቸው ይነሳል። ነጥቦቹ እንግዲህ የቆሙት ለጀማሪ፣ በተለይም ለባዕድ ጀማሪ፣ ሲባል ነው።

የአናባቢው ታሪክ ደግሞ ለመምህራን ይበልጥ የቀረበ ነው። አቡል አስወድ አድ ዱአሊ የተባለው የበስራ ሊቅ ለጸሐፊው አፉን እንዲመለከት ነገረው ይባላል፤ ከንፈሩን ሲከፍት ከፊደሉ በላይ፣ ወደ ታች ሲሰብረው ከፊደሉ በታች፣ ከንፈሩን ሲያሞጠሙጥ ከፊደሉ ጎን ነጥብ እንዲያደርግ። ከፊደሉ ነጥብ እንዲለዩ በሌላ ቀለም ይጻፉ ነበር። በ8ኛው ክፍለ ዘመን አል ኸሊል ኢብን አሕመድ በእነዚያ ምትክ ዛሬ የምናውቃቸውን ምልክቶች አመጣ። ፈትሐ የተጋደመች ትንሽ አሊፍ ናት፤ ዶማ ትንሽ ዋው ናት፤ ፊደልን የምታጠብቀው ሸዳ የሺን ጭንቅላት ናት። አንድ ኡስታዝ ይህን ለልጆች ሲያስረዳ አይቻለሁ። ዶማን አላስያዛቸውም፤ «ዋውን አሳንሳችሁ ከላይ አስቀምጡልኝ» ብቻ አለ፣ ሁሉም ጻፉት።

እዚህ ላይ ግን በፊደል ገበታ ያደገ ልጅ አንድ ችግር ይገጥመዋል። ግዕዝ በ4ኛው ክፍለ ዘመን አናባቢውን ከፊደሉ አካል ጋር አዋሕዶታል፤ ለ ብሎ የጻፈ ልጅ ለ፣ ሉ፣ ሊ ሳይል አይቀመጥም። በዐረብኛ ምልክቱ ከውጭ የሚቀመጥ ነው፤ በቁርኣንና በልጆች መጻሕፍት ላይ ይጻፋል፤ በጋዜጣና በመንገድ ጽሑፍ ላይ ይተዋል። ስለዚህ የአማርኛ ልጅ «መክተብ» የሚለውን የዐረብኛ ቃል ሲጽፍ የ«መ»ን አናባቢ በሰማበት ሁሉ አሊፍ ይጨምራል። ጆሮው አናባቢ ሰምቶ እጁ ዝም ማለትን አልለመደምና ነው። አጭሩን አናባቢ በምልክት፣ ረጅሙን በፊደል መጻፍ እንዳለበት የሚገባው ከንባብ ይልቅ በኢምላእ፣ ማለትም መምህሩ እየተናገረ ልጁ ሲጽፍ ነው።

ወደ እጅ ልመለስ፤ የዚህ ትምህርት ልብ እዚያ ነውና። አማርኛ ስንጽፍ እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው ይቆማል፤ እጅ በየፊደሉ ይነሳል። ልጅቷ «በይት»ን ቆራርጣ የጻፈችው ባለማወቅ ሳይሆን ከሀሁ ባመጣችው ልማድ ነው። ዐረብኛ ደግሞ በእጅ ጽሑፍም በኅትመትም ተያይዞ ብቻ የሚጻፍ ነው፤ ፊደላቱን ለያይቶ መጻፍ የሚባል አማራጭ የለም። እንዲያም ሆኖ መስመሩን የሚቆርጡ ስድስት ፊደላት አሉ፦ አሊፍ፣ ዳል፣ ዛል፣ ራ፣ ዛይና ዋው። ከቀኛቸው ይቀበላሉ፣ ወደ ግራ አይሰጡም። እነዚህን ለማስያዝ ከልጆቹ ስም የተሻለ መጽሐፍ አላየሁም። ዳውድ ስሙን ሲጽፍ አራቱም ፊደላት ከእነዚህ ስለሆኑ ተለያይተው ይቆማሉ። ሙሐመድ ሲጽፍ አራቱም ይያያዛሉ፤ አንድም ነጥብ የለውም። ዘይነብ ደግሞ ዛይዋን ለብቻ አቁማ የቀሩትን ሦስቱን በአንድ ጉዞ ትጽፋለች፤ ከዚያ ከያ ሥር ሁለት፣ ከኑን ላይ አንድ፣ ከባ ሥር አንድ ነጥብ ታስቀምጣለች። በእነዚህ ሦስት ስሞች ብቻ የፊደሉ ሕግ ግማሹ ተነግሯል። ልጅ ለስሙ ይጠነቀቃል፤ የሌላውን ቃል ነጥብ የረሳ ልጅ የስሙን አይረሳም።

የእጁ አቅጣጫም መታየት አለበት። አሊፍ ለብቻዋ ስትቆም ከላይ ወደ ታች ትሰመራለች፤ ከሌላ ፊደል ቀጥላ ስትመጣ ግን እርሳሱ መስመሩ ላይ ስላለ ከታች ወደ ላይ ትወጣለች። ታትሞ ሲታይ ሁለቱም አንድ ቀጥ ያለ መስመር ናቸው። ጧ ላይ ክቡ ይቀድማል፣ ቋሚዋ በኋላ ከላይ ወደ ታች ትወርዳለች። ላምና አሊፍ ሲገናኙ እንደ ሌሎቹ አይያያዙም፤ የራሳቸው የተቆላለፈ ቅርጽ አላቸው፣ ያንን ያልተማረ ልጅ «ላ» የምትለውን አጭር ቃል እንኳ አይጽፋትም። ዳልና ራ ደግሞ ለጀማሪ ዓይን መንታ ናቸው። የሚለያቸው የደብተሩ መስመር ነው፤ ዳል መስመሩ ላይ ትቀመጣለች፣ ማዕዘንም አላት፤ ራ ከመስመሩ በታች ትንሸራተታለች። መስመር በሌለው ወረቀት ላይ እነዚህን ሁለት ፊደላት ለይቶ ለልጅ ማስተማር አድካሚ ነው፤ ስለዚህ ለጀማሪ ባለ መስመር ደብተር ቅንጦት አይደለም።

የዐረብኛ ጽሕፈት ባለሙያዎች ይህን ጉዳይ በጥብቅ የያዙት ከጥንት ነው። የዐባሲያ መንግሥት ሚኒስትር የነበረውና እ.ኤ.አ. በ940 የሞተው ኢብን ሙቅላ የፊደላቱን መጠን በብዕሩ ነጥብ ለካ፤ የብዕሩ ጫፍ የሚያትመው ባለ አራት ማዕዘን ነጥብ መለኪያ ሆነ፣ የአሊፍ ቁመት በነጥብ ተቆጠረ፣ የሌሎቹ ፊደላት ስፋት ከአሊፍ ተወሰደ። ጀማሪ ልጅ ነጥብ ሊቆጥር አይገባም። ነገር ግን አሊፍን ትልቅ፣ ጥርስን ትንሽ ማድረግ እንዳለበት ከመጀመሪያው ቀን ማወቁ ይጠቅመዋል። ጥርሱ ከአሊፍ እኩል ሲቆም ባ ላም ትመስላለች፤ የሚነበበውም ሌላ ቃል ይሆናል።

ትንንሾቹ ላይ መታገሥ ያስፈልጋል። ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ያሉ ልጆች በየትኛውም ፊደል ቢማሩ አንዳንዱን ገልብጠው ይጽፋሉ። በቀን ሁለት አቅጣጫ የሚለዋውጥ ልጅ አንዳንዴ አማርኛውን ከቀኝ ቢጀምር ሊደነቅም ሊቀጣም አይገባም፤ ያልፋል። ከቀኝ ወደ ግራ ስለ መጻፍ ሲነሳ ደግሞ የሚታለፍ አንድ ልጅ አለ፤ ግራኙ። በእርግጥ ከግራኝ እጅ ጋር የሚስማማው ይህ አቅጣጫ ነው፤ እጁ በጻፈው ላይ ሳያልፍ ከጻፈው እየራቀ ይሄዳልና። በአማርኛ ደብተሩ ላይ እርሳስ እያበላሸ የሚቸገር ግራኝ ልጅ በዐረብኛ ክፍለ ጊዜ ፋታ ሲያገኝ ማየት ደስ ይላል።

ከእጅ ቀጥሎ ጆሮ ነው። አማርኛ ውስጥ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ሦስት ፊደል ናቸው፣ ድምፃቸው ግን አንድ ሆኗል። ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። የዐረብኛው ሃ፣ ሓና ኻ የእነዚሁ ሦስቱ ዘመዶች ሲሆኑ እስከ ዛሬ ተለይተው ይነገራሉ፣ ተለይተውም ይጻፋሉ። ትግርኛ ተናጋሪ ልጅ ሐንና ዐን በጉሮሮው ስለሚለይ በዚህ አይቸገርም። አማርኛ ብቻ የሚናገረው ልጅ ግን ሲንንም ሣንም ሰ አድርጎ ይሰማል፤ ዛይንም ዛልንም ዘ። ስለዚህ ኢምላእ ላይ የተሳሳተ ልጅ ፊደል ረሳ ብሎ ወደ ሰንጠረዡ መመለስ መድኃኒት አይሆንም። ምላሱን በጥርሶቹ መካከል አድርጎ ሣን እንዲል፣ የመምህሩን አፍ እንዲያይ፣ ከዚያ እንዲጽፍ ማድረግ ነው። የአቡል አስወድ ጸሐፊ ያደረገውም ይህንኑ ነበር።

በአገራችን ይህ ፊደል ለዘመናት የተጻፈው በሉህ ላይ ነው። ሉህ የተላገ እንጨት ነው። ቀለሙ ከጥላሸትና ከሙጫ ይዘጋጃል፤ ብዕሩ ከመቃ ወይም ከሸምበቆ ይቀረጻል። ወሎ ውስጥ በዳናና በሌሎች የዒልም መንደሮች፣ ሐረር ውስጥ ካቢር በሚባሉት መምህራን ዘንድ፣ ደረሳው፣ ማለትም ተማሪው፣ ትምህርቱን ሉሁ ላይ ጽፎ ይቀራዋል፤ ሲይዘው በውኃ ያጥበዋል፤ ቀጣዩን ይጽፍበታል። በሶማሌ ምድር ደግሞ አው በርኸድሌ በሚል ስም የሚታወቁት፣ መቃብራቸው በሐርጌሳና በበርበራ መካከል የሚገኘው ሸኽ ዩሱፍ አል ከውነይን፣ የዐረብኛን አናባቢዎች ልጆች በሶማሊኛ እንዲያዜሙ አድርገው አስተማሩ ይባላል። «አሊፍ ለ ኮርደበይ፣ አሊፍ ለ ሆስደበይ፣ አሊፍ ለ ጎደይ» የሚለው ዜማ እስከ ዛሬ ይሰማል። የሉህ ትምህርት ጥበቡ ግልጽ ነው፦ ሳይጻፍ የሚቀራ የለም፤ የተጻፈውም እስኪያዝ አይታጠብም። ስሕተት ወረቀት አያባክንም፤ ውኃ ይወስደዋል።

አሁን በብዙ ከተማ ሉሁ ቀርቷል። በቦታው የታተመው ቃዒዳና የስልክ መተግበሪያ ገብተዋል። ጥሩ መሣሪያዎች ናቸው፤ ቃዒዳው ፊደላቱን ከአናባቢ ጋር ደረጃ በደረጃ ያስኬዳል፣ ስልኩ የጥሩ ቃሪእ ድምፅ ቤት ድረስ ያመጣል። ከሉሁ ጋር አብሮ የሄደው ግን መጻፉ ነው። ከቁርኣኑ ብዙውን በቃሉ የያዘ፣ ገጹን ገልጦ ሳይደናቀፍ የሚያነብ፣ እርሳስ ሰጥተው ስምህን ጻፍ ሲሉት ግን የሚቆም ልጅ አጋጥሞኛል፤ አንድ ብቻም አይደለም። ይህን የምለው በቂርኣቱ ላይ ቅር ብሎኝ አይደለም። ያ ልጅ ድካሙን የጨረሰ ልጅ ነው፤ የቀረችው ትንሽ ናት፣ ያቺን ትንሽ ሳይሰጡት መልቀቅ ያሳዝነኛል። በየቀኑ ሩብ ሰዓት ኢምላእ፣ የዕለቱን አያ አንድ መስመር በእጅ መገልበጥ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ የራሱን ሁለት ቃል ማጻፍ፤ ለዚህ አዲስ ሕንፃም ሆነ አዲስ መጽሐፍ አያስፈልግም።

ጀማሪ ሁሉ ልጅ አይደለም። በሪያድ፣ በጅዳና በዱባይ ለዓመታት ሠርተው የተመለሱ እህቶቻችን ዐረብኛ እንደ ውኃ ይናገራሉ፤ ከገበያ እስከ ሐኪም ቤት ተከራክረው ይመለሳሉ፤ ፊደሉን ግን ማንም አላስተማራቸውም። ለእነሱ ከአሊፍ ተነስቶ በልጅ መጽሐፍ መሄድ አሰልቺ ነው፤ ቃሉ አፋቸው ላይ አለና ከሚያውቁት ቃል መነሳት ይሻላል። ሳዑዲ ያሉት ደግሞ በየመንገዱ ነፃ መማሪያ አላቸው፦ የመኪና ታርጋ። ታርጋው ሦስት ፊደልና እስከ አራት የሚደርስ ቁጥር በዐረብኛና በላቲን ይይዛል። ጥቅም ላይ የሚውሉት የዐረብኛ ፊደላት 17 ብቻ ናቸው፤ ተመሳሳይ አካል ካላቸው አንዱ ብቻ ስለተመረጠ በነጥብ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ፊደላት በታርጋ ላይ አይገኙም። ቀደም ብዬ የቆጠርኳቸው 18 አካላት ከፋ በስተቀር ሁሉም እዚያ አሉ። ሆኖም ታርጋ ለቅርጽ እንጂ ለድምፅ አይታመንም፤ ሚም በላቲኑ ዜድ፣ ሷድ ደግሞ ኤክስ ተደርጋ ተጽፋ ትታያለችና።

ለትልልቆቹ ከፊደሉ እኩል፣ አንዳንዴም ቀድሞ፣ መሰጠት ያለበት ቁጥሩ ነው። በምሥራቁ ዐረብ አገር የሚጻፉት አኃዞች እኛ ከምናውቃቸው ይለያሉ። ዜሮ አንዲት ነጥብ ናት። ክብ ሆኖ የሚታየው ዜሮ ሳይሆን አምስት ነው። የእኛን ሰባት የሚመስለው ስድስት ነው፤ ሰባት ጫፉ ወደ ታች የሾለ፣ ስምንት ደግሞ ያው ተገልብጦ ወደ ላይ የሾለ ነው። ሁለትና ሦስት በአንዲት ጥርስ ይለያሉ። ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ ቢሄድም ቁጥሩ እንደኛው ከግራ ይነበባል። በመድኃኒት ጠርሙስ ላይ 5 ሚሊ ሊትር የሚለውን ዜሮ ብሎ ማለፍ፣ 50 የሚለውን በአምስትነት መውሰድ ከባድ አደጋ ነው። የሕፃን ወይም የአዛውንት መድኃኒት በእጇ ያለ ሴት ይህን በአንድ ከሰዓት በኋላ መማር ትችላለች።

አሠሪ በእጁ ጽፎ ፍሪጅ ላይ የሚለጥፈው ወረቀት ግን ሌላ ነገር ነው። መጻሕፍት የሚታተሙበትና ለጀማሪ የሚሰጠው ነስኽ የሚባለው አጻጻፍ ነው። ሰው ቸኩሎ በእጁ ሲጽፍ ብዙ ጊዜ የሚጠቀመው ሩቅዓ ነው። በእሱ ሁለቱ ነጥቦች አጭር ሰረዝ፣ ሦስቱ ነጥቦች ትንሽ ጣሪያ ይሆናሉ፤ የሲን ሦስት ጥርሶች ተስተካክለው አንድ መስመር ይሆናሉ። ነስኽን በዓይኑ ብቻ የተማረ ሰው ሩቅዓ ፊት ሲቀርብ እንደ አዲስ ፊደል ያየዋል። ነስኽን በእጁ የጻፈ ሰው ግን ሦስት ነጥብ በፍጥነት ሲጻፍ ወዴት እንደሚያመራ እጁ ራሱ ያውቀዋል፤ ጥቂት ቀን ቢለማመድ ይበቃዋል።

ልጆቹ ስማቸውን መጻፍ ከቻሉ በኋላ የሚያመጡት ጥያቄ አንድ ነው። ጫላ የሚባል ልጅ «ኡስታዝ፣ ጨን በምን ልጻፋት?» ይላል። በ28ቱ ውስጥ ጨ የለችም፤ ኘም፣ ጰም የለችም። ጥያቄው አዲስ አይደለም። ሐረሪዎች ቋንቋቸውን በዐረብኛ ፊደል ለዘመናት ጽፈዋል፤ «ኪታብ አል ፈራኢድ» ከዚያ የወረሱት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የኖሩት የወሎው ሸኽ ጦልሃ ጀዕፈር አማርኛ ግጥሞቻቸውን በዚሁ ፊደል ጽፈዋል። አጀም በሚባለው በዚህ አጻጻፍ ዐረብኛ የሌለው ድምፅ ሲመጣ ጸሐፊዎቹ የሚቀርበውን አካል ወስደው ነጥብ ይጨምሩበት ነበር፤ የትኛው አካል ላይ ስንት ነጥብ እንደሚሆን ከአንዱ ጸሐፊ ወደ ሌላው ይለያያል። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው አካሉን በዐረብኛ እጅ ያውቀዋል፤ ቃሉን በአማርኛ ጆሮ ይፈልገዋል፤ ነጥቡን ከጸሐፊው ልማድ ይገምታል። በወሎ በየቤቱ በሣጥን የተቀመጡ የመንዙማ ጥራዞች አሉ። ዐረብኛ የሚያውቀው የውጭ ተመራማሪ አማርኛው ያቆመዋል፣ አማርኛ የሚያውቀው የአገሩ ሰው ደግሞ ፊደሉ። ሁለቱንም ደብተሮች በአንድ ቀን የሚገልጡት ልጆች፣ መጻፍ ከተማሩ፣ እነዚያን ጥራዞች ያነቧቸዋል።